የአየርላንድ ሬዲዮ፦ ችግሩ ዘዬው ነው ወይስ አድልዎው?

ጥያቄ፦ በአየርላንድ የሕዝብ ማሰራጫ በአርቲኢ ሬዲዮ 1 የጠዋት ዜና ዝግጅት «ሞርኒንግ አየርላንድ» ላይ የዶኒጎል (በሰሜን ምዕራብ ያለ አውራጃ) ፖለቲከኛ ሲናገር ግማሹ ያመልጣል። አቅራቢዎቹ ደግሞ «የደብሊን 4 አነጋገር» አላቸው ተብለው ይወቀሳሉ። ይህ አድልዎ ነው?

መልስ 1፦ ሁለቱን ባይቀላቅሉ ይሻላል። ደብሊን 4 አርቲኢ የሚገኝበት የፖስታ ክልል ነው፤ ስሙ የባለጸጎች አነጋገር መለያም ሆኗል። በዘዬ ግን ማንም አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስርጭት ሕግ የሚለው፣ ዜናና ወቅታዊ ጉዳይ ከአድልዎና ከአቅራቢው የግል አስተያየት ይጽዳ ነው። ቅሬታ ካለዎት ዝግጅቱ በተላለፈ በ30 ቀን ውስጥ መጀመሪያ ለጣቢያው ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውንም ቃል በቃል። «አነጋገሩ አስጠላኝ» የትም አያደርስም።

መልስ 2፦ ለጆሮ የሚረዳው ይህ ነው፦ ብዙዎች «ስሪ» የሚባለውን ቁጥር (3) «ትሪ» ይሉታል። የደቡቡ ከተማ የኮርክ ሰው ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጥያቄ እየጠየቀ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ «ቲሸክ»፣ ምክር ቤቱ «ዶይል» ነው፤ በጽሑፍ ፈልገው እንዳይደክሙ፣ ፊደሉ ሌላ ነው! ፖድካስቱን በጣም አያዝግሙት፣ አናባቢው ይጣመማል።

መልስ 3፦ የሰሜኑ ዘዬ ጉዳይ ግን ታሪክ አለው። በሰሜን አየርላንድም የሚንቀሳቀሰው፣ የደሴቲቱን ውህደት የሚሻው የሺን ፌን ፓርቲ ቃል አቀባዮች ድምፅ እስከ ጥር 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአየር ታግዶ ነበር። በብሪታንያ ተዋንያን ቃላቸውን ያነቡላቸው ነበር፤ በአየርላንድ ያ እንኳ አልነበረም።