እህቴ ከአሜሪካ ኤር ፒዩሪፋየር ታምጣልኝ ወይስ ሂውሚዲፋየር? (ባሕር ዳር፣ አስም ላለበት ልጅ)

የሽምብጥ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት። ቀን ቀን ይሮጣል፣ ይጫወታል። ማታ ግን ደረቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ሳሉም እንቅልፍ ይነሳዋል። ሐኪሙ ኢንሄለር አዞለት በአግባቡ እየወሰደ ነው። "ከጭስ፣ ከአቧራና ከሻጋታ አርቂው" ብሎኛል። ሦስቱም ደግሞ ቤቴ ውስጥ አሉ።

ቤታችን ኪራይ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ግቢውን ከሌሎች ተከራዮች ጋር እንጋራለን። የጋራው ማዕድ ቤት ከመኝታ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ነው። እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት ስለሆነ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይገባል። በበጋ ከበራችን ላይ ፒስታ መንገድ አለ፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳል። ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ክረምቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ልብስ አይደርቅም፣ ብርድ ልብሱ ራሱ እርጥብ እርጥብ ይላል። ዘንድሮ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ሳደርገው ከኋላው ያለው ግድግዳ ከታች እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ሻጋታ ይዞ አገኘሁት። የልጁ አልጋ ያለው እዚያው አጠገብ ነው።

እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ለጥምቀት ትመጣለች። "ኤር ፒዩሪፋየርም ሂውሚዲፋየርም ላምጣልሽ" አለችኝ፤ አንዱ አየር የሚያጣራ፣ ሌላው አየሩን የሚያረጥብ ማሽን ነው። እሷ በብርዱ ወራት ለልጆቿ ሁለቱንም ታበራለች። እኔ ግን ብሯን በማይረባ ነገር ላይ እንድታወጣ አልፈልግም።

ሁለቱም ያስፈልጉኛል? አንዱ ብቻ ከሆነስ የትኛው? መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤትስ ይሠራሉ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከአዲስ አበባ

እግዜር ይማርልሽ። እኛ ቤት ሂውሚዲፋየር በጣም ነው የጠቀመን። ከጥቅምት ጀምሮ ያ ደረቅ ብርድ ሲመጣ የልጄ አፍንጫ ይደማ ነበር፣ ማታ ማታ ማብራት ከጀመርን ወዲህ ተወው። እህትሽ ካለች ሁለቱንም ታምጣልሽ።

ዓባይ ማዶ ነኝ

እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ከኦክስጅን ማሽንና ከፊልተር ጋር ነው የምውለው። ዓባይ ማዶ ስለምኖር የምትዪውን አቧራም አውቀዋለሁ።

ፒዩሪፋየሩ ይምጣ። ሂውሚዲፋየሩ ይቅር። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ፒዩሪፋየር ማለት አየሩን በማራገቢያ ስቦ በጥቅጥቅ ፊልተር ውስጥ የሚያሳልፍ ማሽን ነው። ሌላ ተአምር የለውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ፊልተሩ ነው። "ሄፓ" የሚባለውን ትጠይቅልሽ። እውነተኛ ሄፓ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሚያህል ብናኝ 99.97 በመቶውን ያስቀራል። ይህ መጠን የተመረጠው ለመያዝ በጣም አስቸጋሪው ስለሆነ ነው፤ ከዚያ የሚተልቀውንም የሚያንሰውንም ይበልጥ ይይዛል። "የሄፓ ዓይነት" ብሎ የሚጽፍ ርካሽ ዕቃ አለ፣ እሱ ሌላ ነው።

ለልጅሽ ይህ ለምን ይጠቅማል? የእንጨት ጭስ ብናኝ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከዚያ ገምቺው። አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፣ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በእንጨት የሚጋገርበት ቤት ይህን በብዙ እጥፍ ያልፈዋል። ፒዩሪፋየሩ ከዚህ ብናኝ፣ ከመንገዱ አቧራና በአየር ላይ ከሚንሳፈፈው የሻጋታ ዘር ብዙውን ይቀንስልሻል።

አሁን የምነግርሽን ግን አደራ፣ በደንብ ያዢልኝ። ፒዩሪፋየር የከሰልን መርዝ አያጠፋም። ከሰል ፍም ሆኖ ጭሱ ሲያልቅ "አሁን ንጹሕ ነው" ተብሎ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በሄፓ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ሽታ የሚይዘው የካርቦን ፊልተርም አያስቀረውም። ማሽኑ በርቷል ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። ማሽን ያለው ቤት ይዘናጋል፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

መጠኑን ደግሞ እንዲህ አስቢው። ክፍሉ 4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ቢሆን ወደ 45 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አስም ላለበት ሰው ያ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል ቢጣራ ጥሩ ነው። 45 በ5 ሲባዛ 225 ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር የሚል ቁጥር አለ፣ ማሽኑ ምን ያህል አየር እንደሚያጣራ ይናገራል። በሰዓት 225 ሜትር ኩብ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ትምረጥ። አሜሪካ ውስጥ በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ ስለሚጽፉ እዚያ ከ130 በላይ ይሁን። በትንሹ ፍጥነት ስታሠሪው ድምፁ ስለሚቀንስ ከፍ ያለ መግዛት አይጎዳም።

ስለ መብራት። የእኛ 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120። የእነሱን አምጥተሽ እዚህ ብትሰኪው በዚያው ሰዓት ይቃጠላል። ለጥገና የሚመጣልኝ ዕቃ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሰው ከአሜሪካ በፍቅር ተሸክሞ ያመጣውን ዕቃ የመጀመሪያ ቀን ያጣዋል። ስለዚህ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። "100–240" ወይም "220–240" ካለ ይሠራል። "120" ብቻ ካለ ትተወው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ በስታቢላይዘር አድርጊው፣ ወይም መብራት ሲሄድ ንቀዪውና ከተረጋጋ በኋላ ስኪው። ፍጆታው አያስጨንቅሽ፣ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር አይወዳደርም።

ትርፍ ሄፓ ፊልተር አብሮ ይምጣ። እዚህ ለሞዴሉ የሚሆን ማግኘት ከባድ ነው፣ ፊልተር የሌለው ማሽን ደግሞ ባዶ ማራገቢያ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን መረብ ቶሎ ቶሎ አጽጂው። የእኔን በመጋቢት ስከፍተው መረቡ ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ በጣት ስትስቢው ተቀርፎ አንድ ላይ ይመጣል። እሱን በብሩሽ ወይም በቫኪዩም አንሺው። ዋናውን ሄፓ ግን በውሃ እንዳትነኪው፣ ይበላሻል።

ወደ ሂውሚዲፋየሩ ልምጣ። የአዲስ አበባው ወንድማችን እውነቱን ነው፣ አየሩ ደርቆ አፍንጫ ሲደማ ይጠቅማል። ቨርጂኒያም ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የሚመከረው እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ባሕር ዳር ክረምት ላይ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ግድግዳሽም መስክሯል። ከ60 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይመቸዋል። ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮችም በእርጥበት ይራባሉ፣ አስምን ከሚቀሰቅሱት ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። ሻጋታ ያለበት ክፍል ውስጥ እንፋሎት መልቀቅ ልጁን መጉዳት ነው።

በእሱ ፋንታ ሃይግሮሜትር ታምጣልሽ። እርጥበት የሚለካ ትንሽ ዕቃ ነው፣ በባትሪ ይሠራል፣ ርካሽ ነው። አልጋው አጠገብ አስቀምጪውና ዓመቱን ሙሉ ተመልከቺው።

የሽምብጥ እናት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙሉውን ለእህቴ ልኬላታለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ እኮ እዚህም ይደርቃል፣ የልጁ ከንፈር ይሰነጣጠቃል። ያን ጊዜስ ሂውሚዲፋየሩ በተፈላ ውሃ ቢሠራ? ሁለተኛ፣ ስለ ከሰሉ ያልከው አስደንግጦኛል። አማቴ አብራን ነው የምትኖረው። ቡናው ሳሎን ውስጥ ነው የሚፈላው፣ ከሰሉም እጣኑም እዚያው ነው። ልጁ ደግሞ ከእሷ ጉያ አይወጣም። እንዴት ብዬ ነው "ቡናሽን አውጪ" የምላት? በጣም ትወደዋለች። ቅር እንዲላት አልፈልግም።

ዓባይ ማዶ ነኝ

የተፈላ ውሃ ጀርሙን ይገድላል፣ ጨውና ኖራውን ግን አያወጣም። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተሽዋል? ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። በብዛት የሚሸጠው ሂውሚዲፋየር ውሃውን አያፈላም፣ በንዝረት ወደ ጭጋግ ይቀይረዋል። ያ ነጭ ነገር ከጭጋጉ ጋር ወጥቶ በአየር ላይ ዱቄት ይሆናል። ጥቁር ቴሌቪዥን ላይ ሲያርፍ በግልጽ ታዪዋለሽ። ልጁም ይስበዋል፣ ፒዩሪፋየሩም እሱን ሲያጣራ ፊልተሩን ይጨርሳል። የተጣራ ዲስትልድ ውሃ ይፈልጋል፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ደግሞ ለሚተነፈስ ነገር አልመክርሽም። በዚያ ላይ ውሃው በየቀኑ መቀየር፣ ገንዳው ቢበዛ በየሦስት ቀኑ መታጠብ አለበት። ያለዚያ ባክቴሪያ ያፈራል፣ ያንኑ ይረጨዋል።

ለመጋቢቱ ድርቀት ማታ እርጥብ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ማስጣት ይበቃል። ሃይግሮሜትሩ ከ30 በታች ካሳየሽ ነው ታዲያ፣ በግምት አይደለም። ለከንፈሩ ቫዝሊን ቀቢው።

ስለ አማትሽ የእናቶች ምክር ይሻላል።

ጊዮርጊስ ሰፈር

ልጄ፣ የልጅ ልጄ አስም ስላለበት የምትዪው ይገባኛል። እኔም ቡና ያለ ከሰል ቡና አይመስለኝም ነበር።

አማትሽን አንቺ አትናገሪያት። ከምራት አፍ ሲወጣ ነገር ይመስላል። ልጁ ቀጠሮ ሲኖረው "እማዬ፣ አብረሽን ሂጂ" በያት። ሐኪሙ ፊት ለፊቷ ይንገራት። ለልጁ ስትል ከማንም በፊት ከሰሉን የምታወጣው እሷ ትሆናለች።

እኛ ቤት አሁን ቡናው የሚቆላው በረንዳ ላይ ነው። ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ራሱ ልጁን ያስለው ነበር። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። እጣኑ ደጅ ይጨሳል፣ ሽታው ከሩቅ ሲመጣ እንዲያውም ደስ ይላል። መብራት በሌለ ቀን ሁላችንም በረንዳ ወጥተን ነው የምንጠጣው። ልጁ ዘንድ ፍንጃሉ እንጂ ፍሙ አይቀርብም።

ግድግዳውን ደግሞ በረኪና እንዳታርከፈክፊበት፣ ሽታው አስም ይቀሰቅሳል። በዱቄት ሳሙናና በውሃ ፈትገሽ እጠቢው፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ልጁ በዚያ ቀን ጎረቤት ይዋል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ አየር ይዙርበት። አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ውሰጂው። ውሃው ከጣሪያ ወይም ከመሠረት የሚገባ ከሆነ ግን አከራይሽ ሳያስተካክል ቀለም ብትቀቢው ተመልሶ ይወጣል። ክረምት ላይ ልብስ መኝታ ቤት ውስጥ አታስጪ።

መስኮት በቀትር ክፈቺ። ማታ ትንኙ ስለሚገባ መክፈት አይቻልም፣ ይህን የሐይቅ ዳር ሰው ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ጥሩ ወንፊት አስመቺና ማዕድ ቤቱ በማይጨስበት ሰዓት ክፈቺው።

የሽምብጥ እናት

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው፣ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ።

ከጎረቤቶቼ ጋርም ተነጋግሬያለሁ። ሁሉም በየፊናው ከሚጋግር የመጋገሪያ ቀን እንዲኖረን ተስማምተናል። በዚያን ቀን መስኮቱን ዘግቼ ልጁን ወደ ሐይቁ ዳር ይዤው እወጣለሁ። አንዷ ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን ምርጥ ምድጃ እናስገባ አለች። ጭሱን ይቀንሰዋል?

ዓባይ ማዶ ነኝ

ይቀንሰዋል። ምርጥ ምድጃ እሳቱ የተከደነ ስለሆነ እንጨትም ጭስም ከጉልቻ በጣም ያነሰ ነው። ጭስ ማውጫ ያለውን አሠሩ፣ ቧንቧው ግን ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ በላይ ይውጣ። በጎን ካወጣችሁት ያው ወደ መስኮትሽ ይመለሳል። ኪሳችሁ ከፈቀደ ከፒዩሪፋየሩ በፊት ይህን አድርጉ።

አንድ የረሳሁት አለ። "ኦዞን ያመነጫል" ወይም "አየር በኦዞን ያጸዳል" የሚል ማሽን እህትሽ እንዳትገዛ። ኦዞን ራሱ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ያስነሳበታል። ion የሚለው ቁልፍ ያለው ከሆነም አጥፍታችሁ በፊልተሩ ብቻ አሠሩት። ሞዴሉን ስትልክልሽ የጀርባውን ፎቶ እዚህ ለጥፊው፣ ከመክፈሏ በፊት ቮልቱንና ሲኤዲአሩን አይልሻለሁ።