ክርክር፦ ኩዌከሩ ባርክሌይ «መጽሐፍ ቅዱስ ምንጩ አይደለም» ማለቱ ልክ ነው?

ናሆም (አወያይ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የዛሬው ከበድ ይላል። ሮበርት ባርክሌይ የሚባል ስኮትላንዳዊ የኩዌከሮችን (እግዚአብሔር በመንፈሱ ለእያንዳንዱ ሰው በውስጡ በቀጥታ ይናገራል የሚሉ፣ እንግሊዝ የተነሱ ክርስቲያኖች ናቸው) እምነት ለመከላከል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል፣ በፈረንጆቹ 1676 በላቲን፣ 1678 ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ፣ 15 ነጥቦች አሉት። ሦስተኛው ላይ ቅዱሳት መጻሕፍት የእውነትን ምንጭ ይመሰክራሉ እንጂ እራሳቸው ምንጩ አይደሉም፣ ከመንፈስ ቀጥሎ ሁለተኛ መመሪያ ናቸው ይላል። ኑፋቄ ነው ወይስ ልክ ነው? ወደ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ጸብ የወሰደውን አስወጣለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦ ምኑ ያከራክራል ባክህ? መንፈስ ነገረኝ የሚለውን ሁሉ በምን ልትለካው ነው? ውጤቱን እኮ እነሱው አይተውታል፣ 1656 ላይ ጄምስ ኔይለር በዝናብ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ገባ፣ ተከታዮቹ ዙሪያውን ከበው «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያሉ፣ ልክ እንደ ሆሳዕና። ተራ ሰው መስሎህ እንዳይሆን፣ ከመሥራቻቸው ከጆርጅ ፎክስ እኩል የሚታይ ሰባኪያቸውና ጸሐፊያቸው ነበር።

ሳምሪ፦ ግማሹን ብቻ ነው ያወራኸው ወንድሜ። ኔይለር ክርስቶስ ነኝ አላለም፣ ምልክት እንዳደርግ ታዝዤ ነው ነበር መልሱ። የእንግሊዝ ፓርላማ ይገደል አይገደል ብሎ ድምፅ ሰጥቶ 96 ለ 82 ተረፈ፣ ከዛ ገረፉት፣ ምላሱን በጋለ ብረት በሱት፣ ግንባሩ ላይ እግዚአብሔርን ተሳድቧል የሚል ምልክት ተኮሱበት። ይሄን ያደረጉት እነማን ናቸው? መለኪያችን መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚሉት እኮ ናቸው! ደግሞ ባርክሌይ የጻፈው ከዛ 20 ዓመት በኋላ ነው፣ መንፈስ መራኝ ብሎ ከመጽሐፉ የሚቃረን ነገር ያደረገ ሰው በሰይጣን ተታሏል ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል።

የቆሎ ተማሪ፦ በቃ አመንሽ! ሁለተኛው አንደኛውን ከዳኘው ምኑን ሁለተኛ ሆነ?

ሳምሪ፦ አይዳኘውም፣ ያጻፈው እራሱ መንፈስ ስለሆነ አይጣሉም ነው የሚለው። ነጥብ 2ን አንብበው።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ የሰውዬውን አስተዳደግ ብታዩት ጥሩ ነው። ካልቪኒስቶች (የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) መሀል አደገ፣ ከዛ ፓሪስ አጎቱ የሚመራው የካቶሊክ ኮሌጅ ተማረ፣ ሁለቱንም ከውስጥ ያውቃቸዋል። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ትፍረድ ይላል፣ ሌላው መጽሐፉ ይፍረድ ይላል፣ እሱ ደግሞ ለፕሮቴስታንቶቹ ካልቪንን ራሱን ጠቅሶ መጽሐፉ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን በምን አወቃችሁ፣ በመንፈስ ምስክርነት አይደለም ወይ ይላቸዋል። እዚች ላይ አጥብቆ ነው የያዛቸው። እኔ በአባቶች ትርጓሜ ያደግሁ ነኝ፣ አልቀበለውም፣ ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም።

አብዱ፦ ከዳር ሆኜ ነው የማነበው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ባርክሌይ ደሴት ላይ ብቻውን አድጎ ያለ መጽሐፍ ፈጣሪን ያወቀውን የሐይ ኢብን የቅዟንን ታሪክ ለማስረጃ ጠቅሶታል፣ የአንዳሉሱ ኢብን ጡፈይል የጻፈውን። በኋላ ኩዌከሮቹ ራሳቸው ከመጽሐፉ አወጡት 😄

የቆሎ ተማሪ፦ ይኸው! እሺ ጥምቀቱስ? የውኃ ጥምቀት አያስፈልግም ይላሉ። የኛው ጃንደረባ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል ፊልጶስ እንደነሱ የውስጥ ብርሃን (በልብህ ያለው የመንፈስ ምሪት) ይበቃሃል አላለውም፣ አብሮት ወረደ።

ሳምሪ፦ ጳውሎስ ደሞ «ለማጥመቅ ክርስቶስ አልላከኝምና» አለ። ሐዋርያት ስላደረጉት ብቻ ሁሌ ይደረግ ካልክ ጢሞቴዎስን ገርዞታል፣ ግዝረትም ግዴታ ይሁን?

የቆሎ ተማሪ፦ እዛው ምዕራፍ ላይ ቀርስጶስንና ጋይዮስን አጥምቄአለሁ ይላል፣ ምነው ዘለልሽው?

ሄኖክ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ስታችሁታል። 1673 ላይ ለንደን ያሉ ኩዌከሮች መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የሚያይ ጉባኤ አቋቋሙ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት እየተሰበሰበ ይሄ ይውጣ ይሄ ይቅር የሚል። እና መንፈስ ያጻፈውን ኮሚቴ ይሰርዘዋል? ከኔይለር ጣጣ የተማሩት ይሄን ይመስለኛል፣ ሰው ብቻውን ሰማሁ ቢል አይበቃም፣ ጉባኤው ይመዝነው። ያ ማለት ጋሽ ተፈራ ካሉት ከቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ብዙም አልራቁም፣ ጳጳስ የሌለው ሥልጣን ነው እንጂ።

ጋሽ ተፈራ፦ ይሄ ይሻላል። ለሁለት ሺህ ዓመት ትርጓሜ ግን አይተካም።

ሳምሪ፦ ሄኖክ ጉባኤው ላይ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ልዩነት አለ። ማርጋሬት ፌል 1666 ላይ እስር ቤት ሆና ሴት መስበክ ትችላለች ብላ ጻፈች፣ ከዳር እስከ ዳር ጥቅስ ነው፣ መቃብሩ ጋ ቀድመው የሄዱት ሴቶች፣ ጵርስቅላ፣ ሁሉም አሉበት። ያኔ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ያን የሚያስተምር? ጥቅሱ ሁሉም ጋ ነበር፣ ደፍሮ ያነበበው ግን ማነው?

የቆሎ ተማሪ፦ አየሽ ግን፣ ሁለተኛ ነው ያሉትን መጽሐፍ ሳይዙ አንድም ክርክር አልገቡም። ጥምቀቱን አልለቅሽም፣ ነጥብ 12ን አንብቤ ማታ እመለሳለሁ።