«ሣር ለማየት ነው የምከፍለው?»፦ የቦረና ሳይንት ፓርክ ክርክር

የጦሳ ልጅ፦ ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞረውን ቪዲዮ ያላየ የለም መቼም። አራት ጓደኛሞች ቦረና ሳይንት ፓርክ ወጥተው፣ ስፒከር እያስጮሁ፣ ውሻ አስከትለው፣ ለጭላዳ ዳቦ እየወረወሩ። መጨረሻ ላይ አንዱ ካሜራው ፊት ቆሞ «ሣር ለማየት ነው የምከፍለው? ስካውትስ ለምኔ ነው፣ አገሬ አይደል እንዴ!» አለ። ከሥሩ አስተያየት የሚሰጠው ሁሉ በሳቅ ይንከተከታል። እኔን ደሜን ነው ያፈላው። እስቲ ሳትዞሩ መልሱልኝ፦ ፓርክ የሚገባ ሰው፣ የአገር ልጅ ቢሆንም፣ መክፈልና ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ መያዝ አለበት ወይስ የለበትም?

ፒያሳ ደሴ፦ የለበትም። ሳልዞር መለስኩልህ። ልጁ ምን አጠፋ? ፈረንጅ ይክፈል፣ አቅሙም አለው። የወሎ ልጅ የወሎ ተራራ ላይ ሲወጣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው የሚከተለው ወንጀለኛ ነው? እውነቱን እናውራ ካልን ደግሞ፣ ሰሜን ተራራ ከወጣህ ዋልያ ታያለህ፣ የከፈልከው አይቆጭህም። እዚህ ያለው ጅብራና ሣር ነው። ቀይ ቀበሮ አለ ይባላል። ይባላል!

የመካነ ሰላሟ፦ «ይባላል»? ኧረ በእመቤቴ! ስፒከር ተሸክመህ ገብተህ ቀበሮ ባታይ ይገርምሃል? ቁጭ ብላ ዘፈንህን ልታደምጥልህ ነው? እሷን ለማየት በጠዋት መነሣት ነው፣ ውርጩ ሳይለቅ። ነፋሱ ከፊትህ እንዲመጣ አድርገህ ትቀመጣለህ፣ አፍህን ትዘጋለህ። አይጥ ልትይዝ መሬት ላይ ተለጥፋ ስትሳብ ያየ ሰው «ሣር» እያለ አይሳለቅም። ስካውቱም የትኛው ኮረብታ ላይ እንደምትውል የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ አንተን ጠርጥሮ አይደለም የሚከተልህ።

ፒያሳ ደሴ፦ ስለዚህ ስካውት ማለት አስጎብኚ ነው እያልሽኝ ነው። እሺ፣ አስጎብኚ በፍላጎት እንጂ በግዴታ አይቀጠርም። ቡና ቤት ገብቼ ያላዘዝኩትን አልከፍልም።

ወረሂመኖው፦ ከሁሉ በፊት ርዕሱ ይስተካከል። የፓርኩ ስም ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ነው። ሦስተኛውን ማን ፈቅዶልህ ነው የጎረድከው?

የጦሳ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ለማሳጠር ነው።

ወረሂመኖው፦ ማሳጠር ሲመጣ ሁሌ የኛ ስም ነው የሚያጥረው።

ኮምቦልቻ 11፦ ይቅርታ ግን፣ ቦረና ያቤሎ በኩል ያለው አይደለም እንዴ? ከደሴ ደርሶ መልስ ይቻላል?

የመካነ ሰላሟ፦ ወይ ጉድ! የወሎ ልጅ ነኝ እንዳትለኝ ብቻ። ይሄኛው ደቡብ ወሎ ነው፤ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ትደርሳለህ፣ ከዚያ ወደ ጫካው። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ከመባሉ በፊት ደንቆሮ ጫካ ነበር የምንለው፣ እናቶቻችን ዛሬም እንደዚያው ናቸው። ደርሶ መልሱን እርሳው። ማደሪያህን፣ ወፍራም ጋቢህንና ስንቅህን አስበህ ተነሥ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም አስቀድመህ ጠይቅ፣ ጊዜው የሚታወቅ ነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ሣሩ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ያ ልጅ የናቀው ጓሳ ነው። አይጡ የሚኖረው ጓሳው ውስጥ ነው፣ ቀበሮዋ ደግሞ በአይጡ ነው የምትኖረው። ጭላዳም ቢሆን ከዝንጀሮ ወገን ሣር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ነው። ዳቦ ስትወረውሩለት ሆዱ ለዚያ አልተፈጠረም፤ አንዴ ከለመደ ደግሞ ሰው ሲያይ ይሸሽ የነበረው ሰው ሲያይ የሚነጥቅ ይሆናል፣ ጣጣው ለእናንተ ሳይሆን ለእረኛው ልጅ ነው የሚተርፈው።

ውሻው ግን ከሁሉም ይብሳል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። ያደጉት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም ነው የሚባለው፣ ከግማሽ የሚበልጡትም ባሌ ናቸው። የእኛዎቹ በየተራራው ራስ ተነጥለው የቀሩ ጥቂቶች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ግድም ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎባቸው፣ በዚያ አካባቢ ከነበሩት ከየአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ባሌ ስለሚበዙ ዘር ተረፈ። እዚህ እንዲያ ያለ ነገር ቢገባ ማን ይተርፋል? ግልገሎቿን የምትወልደውም ከጥቅምት ወዲህ ነው፣ እናንተ «ዝናቡ አባርቷል» ብላችሁ በምትወጡበት ሰሞን።

ፒያሳ ደሴ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ መልስ መስጠት ነውር ነው፣ ግን ይፍቀዱልኝ። ውሻ አይግባ፣ እሺ። ያ ከደሴ የሄደ አንድ ውሻ ነው። ፓርኩን ከብቦ ያለው የእረኛ ውሻስ ስንት ነው? በጉስ፣ ከብቱስ? ጓሳውን የጨረሰው የእኔ ዳቦ ነው የእነሱ መንጋ? ጎብኚ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። ጎብኚ አይጣላም፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል።

የጦሳ ልጅ፦ «ይከፍላል» አልክ? አልከፍልም ስትል አልነበር እንዴ?

ፒያሳ ደሴ፦ ቃል አትልቀም።

የጦሳ ልጅ፦ የዘራኸውን ነው የምለቅመው።

የገበሬ ልጅ፦ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ «የእነሱ መንጋ» ስትል ግን «እነሱ» እኛ ነንና ልናገር። ያደግኩት ፓርኩ ጥግ ነው። ሣር ያልከው የቤታችን ክዳን ነበር። ገመዱ ከሱ፣ ክረምት የምንለብሰው ጌሳ ከሱ፣ በጋ ላይ በሬው የሚሰነብተው በሱ። ዛሬ አባቴ እንደ ድሮው ማጭዱን ይዞ ዘው አይልም። ቆርቆሮ ግዙ ተባለ፣ ተበድረን ገዛን። እሱ ከወሰኑ ወዲህ ቆሞ እያየ አንተ ስፒከር ተሸክመህ ትገባለህ፣ ስትወጣም «ሣር ነው እኮ» ትለዋለህ። ሣር ብቻ ከሆነማ መልሱልን፣ እኛ እናውቅበታለን።

ሐይቅ ዳር፦ ወላሂ ይሄ ልጅ አፌን አስያዘኝ። እኛ ዘንድም ያው ነው። የመጣው ሁሉ «ሐይቃችን፣ ሐይቃችን» ይላል፣ በነጋታው ዳር ላይ የሚቀረው የውኃ ፕላስቲክና የጫት ገረባ ነው። «አገሬ ነው» የሚለው ሰው እቤቱም እንዲህ ይጥል ይሆን እላለሁ።

ፒያሳ ደሴ፦ ወንድሜ የገበሬው ልጅ፣ አባትህን ማን ነካ? እኔ እንዲያውም ለአንተ ነው የተከራከርኩት። ማንም አይከልከል ነው ያልኩት፣ አንተም እኔም።

የገበሬ ልጅ፦ ለእኔ አልተከራከርክም። መንጋችንን ጠርተህ ዳቦህን አዳንክበት።

ደንብ ይከበር፦ ምን ያስለፋችኋል! ፓርክ ከሆነ ፓርክ ይሁን፣ ሰውም ከብትም ይውጣ። ሰሜን ተራራ ላይ ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ያለቀ ነገር ነው።

የገበሬ ልጅ፦ «ያለቀ ነገር» ያልከው ከ400 በላይ አባወራ ነው። ደባርቅ ሄደህ አንዱን እንኳ «እንዴት ነህ» ብለኸዋል?

ጋሽ መምህር፦ ደንብ ይከበር፣ ታሪኩን አሳጠርከው። ሰሜን በ1989 ዓ.ም. መዝገቡ ውስጥ ሲገባ የዋልያውና የቀይ ቀበሮው መመናመን፣ የእርሻውና የግጦሹ መስፋት፣ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድም ነበረበት። ሲወጣም ወሰኑ ሰፍቶ፣ ተለዋጭ መንገድ ተሠርቶ፣ እንስሳቱም ተረጋግተው ነው። ሁሉን በግጭ ሰው ላይ ጭነህ አትለፍ። መንዝ እኮ ገበሬው ጓሳውን ቄሮ በሚባል የአገሬው ደንብ ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ፣ አጥፊውን እየቀጣ ራሱ ነው ለዘመናት ያቆየው። ያ ሥርዓት የላላው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው።

ደንብ ይከበር፦ መንዝ ሸዋ ነው ጋሼ፣ ስለ ወሎ ነው የምናወራው።

ጋሽ መምህር፦ ግጭስ ወሎ ነው?

ላስቴው፦ ሸዋና ጎንደር ምን አስኬዳችሁ፣ ወደኛ ና በሉ እንጂ! ከላሊበላ በላይ አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ የሚጠብቀውም ማኅበረሰቡ ነው። መቄት ብትወርዱ ገበሬው ራሱ በሠራው ጎጆ ገደል አፋፍ ላይ ታድራላችሁ፤ ሽሮውን ያበሰለችው እናት፣ ዕቃችሁን የጫነው ባለ አህያ ድርሻቸው ይደርሳቸዋል፣ የቀረው ለማኅበሩ ነው። እዚያ «ለምን እከፍላለሁ» የሚል ጎብኚ ሰምቼ አላውቅም፣ የከፈለው የት እንደገባ በዓይኑ ያያላ።

ወረሂመኖው፦ ላስታ ደግሞ አንድ ነገር ባነሣን ቁጥር ይመጣል። ላሊበላ አልበቃችሁም፣ ቀበሮውንም ልትወስዱት ነው?

ላስቴው፦ ቀበሮው እኛ ጋ ነው የሚበዛው፣ ምን ላድርግ።

ወረሂመኖው፦ ቆጥረኸዋል?

ፒያሳ ደሴ፦ ቆይ ቆይ፣ ላስቴው እኔን ነው የደገፈው፣ ልብ በሉ። «የት እንደገባ በዓይኑ ያያል» አለ። እኔም የምለው እሱን ነው! አንድ ቦታ ሄጄ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ስጠይቅ «ብር የጠፋብህ መሰለህ?» ተባልኩ። አዎ፣ መሰለኝ! ገንዘቡ የዚህ ልጅ አባት ዘንድ እንደሚደርስ አሳዩኝና እጥፍ እከፍላለሁ።

የጦሳ ልጅ፦ አሁን ደግሞ እጥፍ ሆነ። ከ«ሣር ለማየት አልከፍልም» ተነሥተህ እዚህ ደረስክ፣ አላህ ይጠብቅህ።

ፒያሳ ደሴ፦ ሣሩን እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የቪዲዮው ልጅ ነው።

የመካነ ሰላሟ፦ «ጅብራና ሣር ነው» ያልከው አንተ ነህ። ወደ ላይ ውጣና አንብበው።

ፒያሳ ደሴ፦ ጅብራን አስቀድሜ ነው ያልኩት።

ሐይቅ ዳር፦ ሃሃሃ፣ ጅብራው አዳነው!

የመካነ ሰላሟ፦ ሳቁን ትተን እሳቱን ማንም አላነሣውም። ያ ቪዲዮ ላይ ማታ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጠው እሳት አንድደው ነበር። አስታ እርጥቡም ቢሆን እንዴት እንደሚነድ ደጋ ያደገ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራራ ሲቃጠል ገበሬው በቅጠል እየደበደበ ቀናት ታግሎ፣ እስከ እስራኤል ድረስ እሳት አጥፊ ተጠርቶ መጣ። የኛ ጫካ ቢነድ ማን ይመጣል? መንገዱን አይታችሁታል አይደል? ስካውት አብሯቸው ቢሆን አስታውን አያስቆርጣቸውም ነበር፣ አንድ በሉ።

ፒያሳ ደሴ፦ ብርዱስ? ሌሊት እዚያ ከፍታ ላይ ቆመን እንደር?

የመካነ ሰላሟ፦ ጋቢ! ጋቢ የሚባል ነገር አለ! ኩበትም ከመንደር ይገዛል፣ የምትሸጠው እናት ደስ ይላታል።

ደንብ ይከበር፦ ኩበት ማቃጠል ለመሬቱ ጥሩ አይደለም፣ ማዳበሪያ ነው።

የመካነ ሰላሟ፦ አንተ ደግሞ! ሰዉን አውጣ አልክ፣ ከብቱን አውጣ አልክ፣ አሁን ኩበቱንም አትንኩ። ማን ሊቀር ነው?

ኮምቦልቻ 11፦ እኔ የምጠይቀው ካምፕ ማድረግ የሚቻልበት ወር የቱ ነው? ደግሞ ውሻዬ የተከተበ ነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ከላይ የጻፍኩትን አንብበኸዋል?

ኮምቦልቻ 11፦ ረዘመብኝ ጋሼ።

ጋሽ መምህር፦ ውሻው ይቅር። የተከተበም ቢሆን ይሸታታል፣ ያባርራል፣ ግልገል ያለባትን ጉድጓድ ያስለቅቃል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ብርዱን ቻለው። ከረገጡት መንገድ አትውጣ፣ ይዘህ የገባኸውን ፌስታል ይዘህ ውጣ። ይኼስ ረዘመ?

ኮምቦልቻ 11፦ አሁን ገባኝ። ፍራፍሬ ለጭላዳ ይቻላል አይደል? ዳቦ ነው የተከለከለው።

የጦሳ ልጅ፦ ያ ረቢ!

የገበሬ ልጅ፦ እኔ ፒያሳን አንድ ነገር ልጠይቀው። እጥፍ እከፍላለሁ ብለሃል። ነገ ቀበሌያችን ሰብስቦ «ጓሳውን እኛው እንዘጋለን፣ እኛው እንከፍታለን፣ የሚገባው ሰው ከእኛ ልጆች አንዱን ይዞ ይግባ» ቢል፣ ያ ልጅ ጠመንጃ ሳይሆን ዱላ ብቻ ቢይዝ፣ ትይዘዋለህ ወይስ «አገሬ ነው» ትለናለህ?

ላስቴው፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

ወረሂመኖው፦ አንተ ዳኛ ማን አደረገህ?

ፒያሳ ደሴ፦ ጥያቄህ ጥሩ ነው ወንድሜ። ግን የትኛው ቀበሌ? የቦረናው፣ የሳይንቱ ወይስ የወረሂመኖው? እስቲ እነሱ መጀመሪያ ይስማሙ።

የገበሬ ልጅ፦ እሱን ለኛ ተወው። ትይዘዋለህ ወይስ አትይዘውም?

ፒያሳ ደሴ፦ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ማታ እመለስበታለሁ፣ መብራት ካለ።