ጥቆማ፦ ከደሴ ወደ አኸን የሚሄድ በርበሬና ጀበና የት ላሠራ?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ወገን። ወንድሜና ሚስቱ የሚኖሩት ጀርመን፣ አኸን የምትባል ከተማ ነው። ከቤልጅየምና ከኔዘርላንድ ድንበር ላይ ናት። በሚቀጥለው ወር አንዲት ዘመዳችን በፍራንክፈርት በኩል ትሄዳለች፤ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ሰጥታናለች። በርበሬ፣ ሽሮና አንድ ጀበና ልልክላቸው ነው። በርበሬውን ደሴ ላሠራ ወይስ ኮምቦልቻ? ጥሩ አድርጎ የሚያሽግስ የት አለ? ተፈጭቶ ሱቅ የተደረደረውን አትጠቁሙኝ፤ እናቴ ካየች ከቤት ታስወጣኛለች።

ሸዋ በር፦
ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው? ሸዋ በር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያሉት እናት። አለቀ።

የሆጤ ልጅ፦
እሺ፣ ከሌላው በምን ይለያሉ?

ሸዋ በር፦
እሳቸው ናቸው።

ከሐረጎ በታች፦
እህቴ፣ በርበሬ ፀሐይ ይፈልጋል። ደሴ ደግሞ ጉም ነው ያላት። ጠዋት ያሰጣሽውን ቀትር ላይ ካፊያ ሲመጣ እየሮጥሽ ታስገቢያለሽ። ሐረጎን ውረጂና ኮምቦልቻ አሠሪ። በርበሬ ወንዝ የሚባለው ሰፈር አካባቢ በሁለትና በሦስት ቀን ድርቅ አድርገው የሚሰጡ ሴቶች አሉ።

ሸዋ በር፦
የሸዋ በሯ እናት በርበሬ ጉም ቢነካው ነው እንዲያውም የሚጣፍጠው። ኮምቦልቻ ለቢራ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
ሰፈር ከመምረጥሽ በፊት ዛላውን ራስሽ ግዢ። አንዷን ዛላ ጆሮሽ ሥር ነቅንቂያት። ፍሬው ከተንሿሿ ደርቋል። ዝም ካለ እርጥብ ነው፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የሚረጩበትም አይጠፉም። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከአንቺ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቂ። ስንዴ ከሆነ ትንሽ በርበሬ አስቀድመሽ አስፈጪና ያንን ለቤት ያዢው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ይፋጃል። እንደወጣ ካሸግሽው ውስጡ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሰፌድ ላይ አስጥተሽ ይደር። ጠዋት በወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ። ፒያሳ አካባቢ አየሩን መጥጠው የሚያሽጉ አሉ፤ ለሽሮም ይሆናል።

የተቃጠልኩት፦
ስለማሸግ ካነሳችሁ እኔ ላውራ። ስሙን የማልጠራው ዕቃ አድራሽ ጋ ሄጄ ለእህቴ ወደ አንትወርፕ ላክሁ። «በሳምንት ይደርሳል» አሉኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ። በደወልሁ ቁጥር «ጉምሩክ ይዞት ነው» ይሉኛል። ሲደርስ ካርቶኑ ተቀዶ በስኮች ተጠፍሯል። ሽሮው ቡናው ውስጥ ተበትኗል። እህቴ በወንፊት እየነፋች ቪዲዮ ላከችልኝ። ቅቤው ደግሞ ጭራሽ የለም! ገንዘቤን ስጠይቅ «ቅቤ አልተመዘገበም» ብለው ዘጉኝ።

ጀማው፦
ቅቤውን በምን ስም አስመዘገብሽው?

የተቃጠልኩት፦
«የምግብ ቅመም»።

ጀማው፦
😂😂😂

ሰኞ ገበያ፦
የማነው ይሄ ዕቃ አድራሽ? ንገሪን እንጂ እንዳንገባ።

የተቃጠልኩት፦
ስም አልጠራም። በሩ ሰማያዊ ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ደሴ ውስጥ ሰማያዊ ያልሆነ በር ስንት አለና!

አራዳ፦
እኔ ሦስት ልጆች ውጭ አሉኝ፣ ሁሌም በዕቃ አድራሽ ነው የምልከው፣ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ችግሩ የላኪው ነው። ካርቶን ተብሎ የብስኩት ካርቶን ይዞ የሚመጣ አለ።

የተቃጠልኩት፦
የቴሌቪዥን ካርቶን ነበር እናቴ! ያላዩትን አይፍረዱ።

ፍራንክፈርት የወረድኩ፦
እስኪ ከጠብ እንውጣ። ቅቤውን የወሰደው ዕቃ አድራሹ ላይሆን ይችላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ንጥር ቅቤም ሆነ አይብ፣ ቋንጣም ሆነ ቋንጣ የገባበት ድርቆሽ ካገኙ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጥሉት። በፖስታም ያው ነው። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እርጥብ ቃሪያና እርጥብ ጤና አዳም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅበት ይቅርብሽ። ደረቅ በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ለቤት የሚሆን መጠን ከሆነ ችግር የለውም። በአውሮፕላን ለሚገባ ሰው ይዞት የሚገባው ዕቃ ዋጋ እስከ 430 ዩሮ ድረስ ቀረጥ የለበትም። በፖስታ የሚላክ ስጦታ ግን ከ45 ዩሮ ካለፈ ቀረጥ ይመጣል። ስለዚህ በሰው መላክሽ ትክክል ነው። በአየር መንገዳችን ኢኮኖሚ 23 ኪሎ የሚይዙ 2 ሻንጣዎች ስለሚፈቀዱ፣ የዘመድሽን ልብስ ቀንሺና አስቢው።

ጀማው፦
ጫትስ? ለጓደኛ ነው።

ፍራንክፈርት የወረድኩ፦
ለጓደኛህ ንገረው፦ ጀርመን ክልክል ነው። ድሮ በአምስተርዳምና በለንደን ይገባ ነበር። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ዘግተውታል። ዘመዲቱን ማሳሰር ካማረው ይሞክር።

ጦሳ ሥር፦
እኔ የማይገባኝ፣ ጀርመን ተቀምጠው በርበሬ ከናፈቃቸው ለምን ሄዱ? የሄዱበትን ድንች ይብሉ።

አራዳ፦
አንተ ልጅ፣ ሰው እናቱን ቢናፍቅ ለምን ተወለድህ ትለዋለህ?

የሆጤው ምራት (ከአኸን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የወንድሟ ሚስት እኔ ነኝ፤ ሊንኩን ባለቤቴ አሳየኝ። መጀመሪያ ለጦሳ ሥሩ ወንድሜ፦ ድንቹንም እየበላን ነው።

እውነቱን ልናገርና በርበሬ አለን። ፍሪጃችን ውስጥ ከዓይብ ይልቅ የሚበዛው እሱ ነው፤ የመጣ ዘመድ ሁሉ በርበሬ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛን የቸገረን ጀበና ነው። ያለን ሥሩ ድቡልቡል ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አይቆምም። በአንድ እጄ ይዤው ነው የማፈላው። ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ አይታሰብም። በየቤቱ የጭስ ደወል ግዴታ ነው። ለመድኃኔ ዓለም ዕጣን ብናጤስ ደወሉ ጮኾ የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ ባልዲ ይዘው በሩን አንኳኩ። አሁን ቡና ስናፈላ እሳቸውንም እንጠራለን፤ ሦስተኛው ሲኒ ድረስ አይነሱም።

ኑሮው ደህና ነው። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሽንኩርት ቅዳሜ ካልገዛሽ ያለ ሽንኩርት ታድሪያለሽ። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ የለም፤ ቡና መውቀጥ ቀርቶ ወንበር ስትስቢ ትሳቀቂያለሽ። የውሃ ፕላስቲክ ስትመልሺ 25 ሳንቲም ይሰጡሻል፣ ባለቤቴ አንዱን አይጥልም። በወር ትኬት የከተማ አውቶቡሱንና ፈጣን ያልሆነውን ባቡር በመላው ጀርመን እንሄድበታለን። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፤ በ2026 ግን 63 ዩሮ ገብቷል። ሉክሰምበርግ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ አውቶቡሱም ባቡሩም ለሁሉም ነፃ ነው። እዚያ ስንሄድ ባለቤቴ ካልከፈልኩ ብሎ ማሽን ሲፈልግ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱ አገሮች የሚገናኙበት ኮረብታ እንወጣለን። አንድ እግር ጀርመን፣ አንድ እግር ቤልጅየም ታደርጊና ቀና ስትዪ ኔዘርላንድ ናት። ፓስፖርት የሚጠይቅሽ የለም።

ጦሳ ሥር፦
ተራራው ስንት ሜትር ነው?

የሆጤው ምራት፦
322። የዋናዋ ኔዘርላንድ ትልቁ ተራራ እሱ ነው።

ጦሳ ሥር፦
322! የእኛ ፒያሳ ከ2,400 በላይ ነው። እዚህ ቢመጡ አስፋልት ላይ ቆመው ተራራ ወጣን ብለው ፎቶ ይነሳሉ።

የሆጤው ምራት፦
እሱንማ እኔም ነገርኳቸው። ግን ዝም ብለህ አትናቃት፤ የአኸን ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ከእኛ ላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር አንድ ቀን ነው የተመዘገቡት።

ሸዋ በር፦
በርበሬ አለን ያልሽው ግን የማን ነው? የሸዋ በሯ እናት ካልሆነ የለሽም ማለት ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣና፤ የእኔ ልጅ ብራስልስ ነው ያለው። ናልኝ እያለኝ ነው። በቤልጅየም ቪዛ የእነዚህን ልጆች አገር ማየት እችላለሁ?

ፍራንክፈርት የወረድኩ፦
ይችላሉ አባባ። የሸንገን ቪዛ ከሆነ ሦስቱንም አገር ያዳርስዎታል። ነገር ግን ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከ2024 ሰኔ ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃሉ። ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይችላሉ፤ ወረፋ ስላለ ቀደም ይበሉ። የልጅዎ የግብዣ ወረቀት፣ የጡረታ ደብተርዎና የቤት ካርታዎ አይረሳ፤ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚያሳየው እሱ ነው።

ጡረተኛው፦
ተባረክ። ተመልሼማ እመጣለሁ፣ ከብቶቹን ማን ያይልኛል።

ከሐረጎ በታች፦
ለጀበናው፦ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ሥሩን ጠፍጣፋ አድርገው የሚሠሩ አሉ። ተዘጋጅቶ አይገኝም፣ አዝዘሽ ነው። ለምድጃ እንደሆነ ንገሪያቸውና ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠሽ ፈትሺው፤ ትንሽ ከተንገዋለለ አትውሰጂ። ምድጃቸው ኢንዳክሽን የሚሉት ከሆነ ግን ተዪው፣ ሸክላ አይሞቅበትም።

የሆጤው ምራት፦
አይደለም፣ ተራው ነው። እግዜር ይስጥልኝ!

ቧንቧ ውሃ፦
ከመሄዱ በፊት እዚሁ አሟሺላቸው። የቡና አተላ ጨምረሽ ደጋግመሽ አፍልተሽ ድፊው፤ የሚያፈስም ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ከዚያ በደንብ አድርቂ። ሆዱን በሽሮ ከረጢት ሙዪው፣ ጡቱን በካልሲ ጠቅልዪው፣ በጋቢ ጠምጥመሽ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ሆዱ ባዶ የሆነ ጀበና ነው የሚሰበረው።

የተቃጠልኩት፦
ሽሮ የሞላ ጀበና ጉምሩክ ያያል እንዴ? 😂 እኔ እንኳ ሰማያዊው በር ጋ ዛሬም ሄጄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የለም አሉኝ።

ሰኞ ገበያ፦
የሆጤ ልጅ፣ ታዲያ ምን ወሰንሽ? ደሴ ነው ኮምቦልቻ?

ሸዋ በር፦
ሸዋ በር ነው እንጂ! አሁን ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ጀበናም አስመጣለሁ ብለዋል።

አራዳ፦
የሆጤ ልጅ፣ ዘመድሽ የምትሄደው በስንት ነው? ኪሎ ከተረፋት ለልጄ 2 ኪሎ ሽሮ ብቻ ነው፣ ቤትሽ ድረስ አመጣዋለሁ።

ጀማው፦
እኔም አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ። ጫት አይደለም።