«ሒሳቡ ይከተላል» ያለው ሰውዬ እስቲ ኪራያችንን ይክፈል

ታላቅ ወንድም፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ከተማችን አንድ አዳራሽ ውስጥ «አነቃቂ ንግግር» ተብሎ ወጣቱ ተሰብስቦ ነበር። ተናጋሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከባድ ውሳኔ ሲገጥማችሁ ልባችሁን እመኑ፤ ልብ ከወሰነ ሒሳቡ ይከተላል።» አዳራሹ አጨበጨበ። ታናሽ ወንድሜም አጨብጭቦ ቤት መጣና ሦስተኛ ዓመት የደረሰበትን ሲቪል ምሕንድስና ትቶ ፎቶ አንሺ ሊሆን እንደወሰነ ነገረን። በ2015 ከ800 ሺህ በላይ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ 3.2 በመቶው ብቻ ሲያልፍ ካለፉት አንዱ ነው ይሄ ልጅ! ካሜራው የሚገዛው ደግሞ በእናቴ ዕቁብ ነው። ሒሳቡ ይከተላል አሉ። ማንን ነው የሚከተለው? እናቴን ነዋ!

የፓፒረስ ሰፈር፦
አያ፣ አትቆጣ። የማይወደውን ትምህርት እስከ ሦስተኛ ዓመት መቻሉ ራሱ ይገርማል። ምሕንድስና ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ስንት አለ? ያም እኮ በሒሳብ የተወሰነ ነበር። ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ደምሮ ቀንሶ ነው «ግባ» ያለው። ልጁ ከወደደው ይሠራበታል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ባንክ ቤት፦
እንባማ መች ገደደን። የገደደን የቤት ኪራይ ነው። የብድር ፋይል በየቀኑ አያለሁ፤ «ዋስትና፦ ልቤ» ብሎ የመጣ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ የሠርግ ፎቶ ማለት ጥር ነው፣ ከፋሲካ በኋላም ትንሽ ይኖራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የለም። በዚያ ጊዜ ልቡ ምን ሊበላ ነው?

የዘጌዋ፦
እናንተ በካሜራ ተጣሉ። እኔ ስለ ትዳር ላውራ። አያቴን ሲድሯት «ልብሽ ምን አለ?» ብሎ የጠየቃት የለም። አባቷና አማቷ መሬትና ከብት ቆጥረው ጨረሱት። ንጹህ ሒሳብ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። 18 ያደረገው በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። እና «ልብ አይታመንም» የሚል ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ታዲያ የማን ሒሳብ ነው የሚታመነው ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድም፦
እህቴ፣ ያልኩትን አንብቢ እንጂ። ልብ አይታመንም መች ወጣኝ? በሰው ዕቁብ አይሆንም ነው ያልኩት።

የፓፒረስ ሰፈር፦
«በሰው ዕቁብ»? የገዛ እናቱ ሰው ሆነችበት?

ባንክ ቤት፦
እናት ሰው አይደለችም ተብሏል። ይመዝገብልን።

የፓፒረስ ሰፈር፦
ባዳ አይደለችም ማለቴ ነው፣ ታውቀዋለህ። ነገር አታጣም።

አንባቢው፦
እስቲ ቁም ነገር ይግባበት። ዳርዊን በፈረንጆቹ 1838 ላግባ አላግባ ብሎ ሲጨነቅ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ጥቅምና ጉዳቱን ጽፏል። ካላገባሁ ለመጽሐፍ መግዣ ይተርፈኛል ይላል። ካገባሁ ደግሞ ጓደኛ ትሆነኛለች፣ ከውሻ ትሻላለች ይላል። በ1839 መጀመሪያ ኤማን አገባ፣ 10 ልጅ ወለዱ። ከባድ ነገር እንዲህ በእርጋታ ሲወሰን ነው የሚያምረው።

የዘጌዋ፦
ከውሻ ትሻላለች ያለውን ሰውዬ ነው ምሳሌ ይዘህልን የመጣኸው?

የፓፒረስ ሰፈር፦
ደግሞ ልቡ ቀድሞ ወስኖ ነበር። ወረቀቱ ለወጉ ነው።

አንባቢው፦
እሺ ዳርዊንን ተዉት። ካነማንና ክላይን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች አሉ፤ አንዱ የውስጥ ስሜትን የሚጠራጠር፣ ሌላው የሚያደንቅ። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አብረው አንድ ጽሑፍ አወጡና እንዲህ አሉ፦ የውስጥ ስሜት የሚታመነው ነገሩ የራሱ ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየው ደጋግሞ ሞክሮ ስህተቱን ቶሎ ቶሎ ሲያይ ነው። እሳት አጥፊው ቤቱ ሊደረመስ ሲል ይታወቀዋል። ነርሷ ሕፃኑ እየታመመ መሆኑ ቀድሞ ይታወቃታል። አክሲዮን የሚመርጠው ግን የታወቀው ይመስለዋል እንጂ አይታወቀውም። ጣና ላይ የሚውል ሰውም ነፋሱን በልቡ ያውቀዋል፣ ውኃው በየቀኑ እያረመው ነዋ። ትዳርንና ሙያን ግን ስንቴ ሞክረነው ነው ልባችን የሠለጠነው?

ጀልባ ነጂው፦
የጣና ነገር ከተነሳ እኔም ልግባ። ዕድሜዬን እዚያው ነው የጨረስሁ። ነፋሱን በልቤ አላውቀውም ወንድሜ። ከሰዓት በኋላ ማዕበል እንደሚነሳ ስለማውቅ ጠዋት ነው የምወጣ። እንግዳ መጥቶ «አየሩ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎናል፣ አሁኑኑ ደቅ ደሴት ድረስ እንሂድ» ሲለኝ እሺ ብዬ አላውቅም። የሱ ልብ ደስ ሲለው ውኃው አይሰማ። ልጁ ግን ፎቶ ከወደደ ምን አለበት? ገዳም የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይፈልጋል። ዘንድሮ እንግዳው ቀነሰብን እንጂ።

የፓፒረስ ሰፈር፦
ይኸው! ጋሼም ደገፉኝ።

ጀልባ ነጂው፦
አልደገፍሁህም።

ዲያቆኑ፦
ኤርምያስ 17፥9 ላይ ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኮለኛ ነው ተብሏል። ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ።

የዘጌዋ፦
ምሳሌ 4፥23 ላይ ደግሞ ልብህን ጠብቅ፣ የሕይወት መውጫ ከእርሱ ነው ይላል። አላለቀም።

ዲያቆኑ፦
ጠብቅ ነው ያለው። ተከተል የት አለ?

የዘጌዋ፦
ክፉ ነገር ቢሆን ጠብቁት ባልተባለ።

ባንክ ቤት፦
እስረኛም ይጠበቃል።

የፓፒረስ ሰፈር፦
ባንክ ቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በሐቅ መልስ። ሥራህን ትወደዋለህ?

ባንክ ቤት፦
ደመወዜን እወደዋለሁ። ወር ጠብቆ ይመጣል፣ «ዛሬ ልቤ አልፈቀደም» ብሎ ቀርቶ አያውቅም።

የፓፒረስ ሰፈር፦
መልስህን ሰምተናል። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር እየቆጠርክ እዚህ መጥተህ የሰው ሕልም ትቆጥራለህ።

ባንክ ቤት፦
ሕልሙን ማን ነካ? ኪራዩን ማን ይከፍላል ነው ያልኩት። እስካሁን አንዳችሁም አልመለሳችሁም።

የፖሊ ተማሪ፦
የሚገርመው ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ልጁ ዊዝድሮው፣ ማለትም የማቋረጫ ፎርም፣ ሞልቶ መውጣት ይችላል እኮ። ካልሆነለት በኋላ ሪአድሚሽን፣ ተመልሶ ለመግባት፣ ይጠይቃል። ዝም ብሎ ከጠፋ ነው ጉዱ። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ሳይሞላ ሄዶ መመለስ ሲፈልግ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ነበር።

ታላቅ ወንድም፦
እግዜር ይስጥህ። ይሄንን ያ ተናጋሪ ለምን አልነገረውም? ፎርም መሙላት ጭብጨባ የለውማ።

የዘጌዋ፦
አያ፣ አንተስ ነግረኸዋል? ወይስ ጮኸህበት ብቻ ነው እዚህ የመጣኸው?

ታላቅ ወንድም፦
በኔና በወንድሜ መሀል አትግቢ።

የዘጌዋ፦
አንተ ነህ አደባባይ ያወጣኸው፣ እኔ ምን አገባኝ!

ታናሹ፦
አያ፣ ታናሽህ ነኝ። ጓደኛዬ ልኮልኝ ነው ያየሁት። ሰው ፊት እንዲህ መጻፍህ ደስ አላለኝም። ለማንኛውም ዕቁቡን እኔ አልጠየቅኩም። እማዬ ናት ራሷ «ውሰድ» ያለችኝ።

ዲያቆኑ፦
የእናት ልብ።

ታናሹ፦
አይ፣ ቁጭ ብላ አስልታው ነው። እስክመረቅ የምትልክልኝን የኪስ ገንዘብ ደመረችው፤ ከካሜራው በለጠ። «ካሜራ ከገዛህ ግን ከዚያ በኋላ ሳንቲም አልሰጥህም» ብላኛለች። እኔም እሺ አልኳት።

የፓፒረስ ሰፈር፦
እልልልል!

አንባቢው፦
እናትየዋ ከዳርዊን ይበልጣሉ።

ታላቅ ወንድም፦
ስልክህን አንሳ።

ባንክ ቤት፦
ቆይ ቆይ፣ ሌንሱን ጨምረው ነው ያሰሉት? ሌንስ እኮ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ባትሪውስ? ኮምፒውተርስ አለው?

የፓፒረስ ሰፈር፦
አንተ ደግሞ ሰው ሲስማማ ያምሃል መሰለኝ።

ታላቅ ወንድም፦
ማን ተስማማ?