ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሮክ ኮንሰርት ልገባ ነው፤ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ትልቅ የሮክ ኮንሰርት እንገባለን። ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነው። እሱ ገና 14 ዓመቱ ነው። ትኬቱ የቁም ነው፣ ወንበር የለውም። ልጁ ደግሞ «መድረኩ ሥር ካልቆምን ምኑን ሄድነው!» ብሎ ድርቅ ብሏል።

እኔን የጨነቀኝ እዚያ ፊት ያለው ግፊያ ነው። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ሰዉ ክብ ሠርቶ እየዘለለ ይላተማል። ወንድሜ ቁመቱ ትከሻዬ ጋ አይደርስም። ሕዝቡ ከኋላ ቢገፋን በየት በኩል ላወጣው ነው? ዳር ዳሩን መያዝ ይሻላል ወይስ ድምፅ መቆጣጠሪያው አካባቢ? እዚያ ድምፁም ጥርት ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሌላው ጆሮ ነው። 100 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ያለ መከላከያ ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ኮንሰርቱ ግን ሰዓታት ይፈጃል። የጆሮ መድፈኛ ገዛሁለት፤ «ታሳፍሪኛለሽ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። (እማዬ ይህን ብትሰማ ሁለታችንም ከቤት አንወጣም።)

ብንጠፋፋና ኔትወርክ ባይሠራስ? ታናሽ ይዛችሁ የገባችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት መልሱልኝ።