የደኅንነት መሣሪያ ሲበላሽ ሪአክተሩ ይቁም ወይስ እየሠራ ይጠገን?

አወያይ፣ ባሕር ዳር፦ የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። አገራችን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር በኒውክሌር ኃይል ጉዳይ ተፈራርማለች። ማመንጫው ተሠራ እንበል። ከደኅንነት መሣሪያዎቹ አንዱ ተበላሸ። የኒውክሌር ሙቀቱ የሚፈጠርበት ዋናው ክፍል፣ ማለትም ሪአክተሩ፣ ወዲያው ይቁም?

ባለ ወፍጮ፣ ሞጣ፦ ይቁም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። በአንድ የገበያ ቀን የወፍጮዬ ፊውዝ ተቃጠለ። ቅያሪ አልነበረኝም። እህል ያዘሉ እናቶች እስከ በር ተሰልፈዋል። ኤሌክትሪሺያኑ በፊውዙ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ቀጠለልኝ። «ለዛሬ ብቻ» ተባባልን። ያቺ «ዛሬ» ሦስት ወር ሆነች። አንድ ቀን ለሞተሩ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ገመዶች አንዱ (ፌዝ የሚሉት) ጠፋ። ሞተሩ አጓራ፣ መብራቱን የሚቆርጥለት የለም። ተቃጥሎ ሽታው ሳምንት አልለቀቀም። «ለዛሬ ብቻ» የሚል ሰው ሪአክተር አጠገብ መድረስ የለበትም።

የኤሌክትሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ አያ፣ ያሉት ገብቶኛል። ሪአክተር ግን በአንድ ፊውዝ አይጠበቅም። በብዙዎቹ ግፊቱን የሚለኩ አራት የተለያዩ መሥመሮች አሉ። ሁለቱ «አደጋ» ካሉ የኒውክሌሩን ምላሽ የሚገቱት መቆጣጠሪያ ዘንጎች ወርደው ሪአክተሩ ይቆማል። አንዱ መሥመር ሲበላሽ «አደጋ ብሏል» ተብሎ እንዲቆጠር ማድረግ ይቻላል። ያኔ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ብቻ ቢጮህ ይቆማል። ጥበቃው እንዲያውም ይጠብቃል። ሰዓትም ይቆረጥለታል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች አንድ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ሲበላሽባቸው 72 ሰዓት ነበር የሚሰጣቸው። ካልጠገኑ ያቆማሉ።

ደግሞ ሪአክተር ስላጠፉት አይበርድም። በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ሙቀቱ 6 በመቶ ገደማ ይቀራል። 3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት ለሚሰጥ ሪአክተር 180 ሜጋ ዋት ማለት ነው። የእኛ የበለስ የውኃ ኃይል ጣቢያ አራቱም ተርባይን ሲሠራ 460 ሜጋ ዋት ነው። የተበላሸው ያንን ሙቀት የሚያወጣው ፓምፕ ከሆነስ? «አቁም» ማለት ብቻውን አያድንም።

ነርስ፣ ቡሬ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ ጋ የደም ግፊት መለኪያ ሲበላሽ «አይሠራም» ብለን ፕላስተር እንለጥፍበታለን። ፕላስተር ያለበት ማንንም አሳስቶ አያውቅም። የሚያሳስተው ደኅና መስሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጠው ነው።

የኤሌክትሪክ መምህር፦ እህቴ፣ አሜሪካ ባለው የስሪ ማይል አይላንድ ኒውክሌር ጣቢያ የሆነው ልክ ይኸው ነው። በመጋቢት 1979 እ.ኤ.አ. ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ግን ጠፋ። መብራቱ የሚያሳየው «ተዘጋ» የሚል ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ መብራቱን አመኑ። ውኃው ከሁለት ሰዓት በላይ ፈሰሰ። ነዳጁ ካለበት የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ከ18 ወር በፊት ኦሃዮ በሚገኘው ዴቪስ ቤሲ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እዚያ በ20 ደቂቃ ገደማ ደረሱበት። ትምህርቱ ግን ለሌሎቹ አልደረሰም።

ተማሪ፣ ዳንግላ፦ ጋሼ፣ «አራት መሥመር አለ» ያሉት ላይ አልስማማም። በኒው ጀርሲ ሳሌም ጣቢያ፣ በየካቲት 1983 እ.ኤ.አ.፣ ዘንጎቹን አንጠልጥሎ የሚይዘውን ኤሌክትሪክ ቆርጠው ሪአክተሩን የሚያቆሙት ሁለት ብሬከሮች (ኃይል መቁረጫዎች) ነበሩ። ትእዛዝ ሲመጣ ሁለቱም አልተከፈቱም፤ ኃይሉን አልቆረጡም። ዓይነታቸው አንድ፣ የጥገና ጉድለታቸውም አንድ። ኦፕሬተሩ በግማሽ ደቂቃ ገደማ በእጁ አቆመው። ከሦስት ቀን በፊትም እምቢ ብለው ነበር! ያኔም በእጅ ስለቆመ ማንም ልብ አላለም፤ እንደገና አስነሡት። አንድ ዓይነት ዕቃ አራት ቢደረደር አንድ ዓይነት በሽታ አራቱንም ይጥላል።

የኤሌክትሪክ መምህር፦ ትክክል ነህ። እዚህ ላይ ሐሳቤን አርማለሁ። ለምን እንደተበላሸ ያልታወቀ ዕቃ 72 ሰዓት አይገባውም። የብልሽቱ መንሥኤ እስኪታወቅና ጓደኞቹም እስኪፈተሹ ይቁም። መንሥኤው ታውቆ የቀሩት ተፈትሸው ደኅና ከሆኑ ግን እየሠራ ይጠገን እላለሁ።

ነርስ፦ ሰዓቱን የሚቆጥረው ማን ነው? ኃይል የሚሸጠው ራሱ ከቆጠረ ሰዓቱ አያልቅም።

ተማሪ፦ ተቆጣጣሪው ከሻጩ መነጠል አለበት። የሌሊት ተረኛውም ማንንም ሳያስፈቅድ ማቆም መቻል አለበት። ስላቆመ ደመወዙ እንዳይነካ በሕግ ይጻፍ።

ባለ ወፍጮ፦ ልጄ፣ ይኼን ስታነሣ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን ሲቀጥል «ጋሼ፣ ይቅርብን» ብሎኝ ነበር። ተቆጥቼ ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ።